ለባለማንሻ የአደን ጠመንጃ ጥይትን በእጅ መሙላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከእንጦጦ ማዶ ባለችው ሱሉልታ ስለ ጠመንጃና ስለ ጥይት የሚጠይቁኝ ሰዎች ከሁለት ወገን ናቸው። አንደኞቹ በአሜሪካ የሚኖሩ፣ በየዓመቱ በሕጋዊ ፈቃድ አጋዘን የሚያድኑና ጥይታቸውን ራሳቸው መሙላት የጀመሩ ወይም ሊጀምሩ ያሰቡ ዘመዶችና ወዳጆች ናቸው። ሁለተኞቹ ከውጭ አዳኞች ጋር በመንገድ መሪነት የሚሠሩ፣ ወይም ጠመንጃ በተከበረበት ቤት ያደጉና አሠራሩን በቅርብ ማወቅ የሚሹ ያገር ቤት ሰዎች ናቸው። መልሶቹን ለሁለቱም ጽፌያለሁ፤ ነገር ግን ሥራውን በእጅ መሥራት የተፈቀደው ለመጀመሪያዎቹ ብቻ መሆኑን ከወዲሁ መናገር አለብኝ።

አዲስ አበባ ዙሪያ እየኖርኩ በቤቴ ጥይት መሙላት እችላለሁ?

አይችሉም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትንም የሚመለከት ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ማምረትን ይከለክላል። ጠመንጃ ለመያዝ የተሰጠ ፈቃድ ጥይት ለመሥራት እንደተሰጠ ፈቃድ አይቆጠርም። በአሜሪካ ግን ለራስ አገልግሎት የሚሆን ጥይት መሙላት በፌዴራል ሕግ የተፈቀደና ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው፤ መሣሪያው፣ ባሩዱና መመሪያው በአደን ዕቃ መደብር ይሸጣል። እዚያ የሚኖር ሰው የሚኖርበትን ግዛትና ከተማ ደንብ አጣርቶ ሊሠራ ይችላል፤ ለበዓል ወይም ለእረፍት ወደ አገር ቤት ሲመጣ ግን መሣሪያውንም፣ ባሩዱንም፣ የሞላውን ጥይትም እዚያው ትቶ ይምጣ።

ፋብሪካ የሠራው ጥይት ሞልቶ ሳለ በእጅ መሙላት ምን ያስፈልጋል?

አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፦ ቀለሃው፣ በቀለሃው ጀርባ ላይ የምትገኘውና በመርፌው ስትመታ እሳት የምትጭረው ካፕሱል፣ ባሩዱ፣ እንዲሁም ከአፈሙዝ የሚወጣው አረር። ከተተኮሰ በኋላ ቀለሃው ይቀራል፤ የናስ ቀለሃ በጥንቃቄ ከተያዘ ደጋግሞ ያገለግላል። በእጅ መሙላት ማለት ይህን ቀለሃ አጽድቶና ወደ ልኩ መልሶ አዲስ ካፕሱል፣ የተመዘነ ባሩድና የተመረጠ አረር ማግባት ነው።

ብዙዎች ለቁጠባ ይጀምሩታል። እኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ቁጠባ ነው ብዬ አላምንም። ፋብሪካ ጥይቱን የሚሠራው በዓለም ላይ ባለ ማንኛውም ጤነኛ ጠመንጃ እንዲተኮስ አድርጎ ስለሆነ፣ ለአንዲት የተወሰነች ጠመንጃ የሚስማማውን አረርና ፍጥነት ፈልጎ ማግኘት የባለቤቱ ፈንታ ነው። በተለይ ባለማንሻ ጠመንጃ፣ ማለትም ከምላጩ ሥር ባለ ዘንግ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ የያዘ አዳኝ ከሱቅ የሚያገኘው ምርጫ ጠባብ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ በአንድ ዓይነት ጥይት ደጋግሞ ተለማምዶ ጠመንጃውን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው እንስሳውን ሳያሠቃይ በአንድ ጥይት ይጥላል፤ የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማም ይኸው ነው።

ባለማንሻ ጠመንጃ ጥይቱ ላይ ምን የተለየ ግዴታ ይጥላል?

በአገራችን የታወቁት ጠመንጃዎች፣ ከምንሽር እስከ ቤልጅግ፣ መቀባበያቸውን ወደ ኋላ ስበው ወደፊት የሚገፏቸው ናቸው። ባለማንሻው ግን ከምላጩ ሥር የእጅ ማስገቢያ ቀለበት ያለው ዘንግ አለው፤ ዘንጉ ወደታች ሲገፋ ያለቀው ቀለሃ ይወጣል፣ ወደላይ ሲመለስ አዲስ ጥይት ይጎርሳል። በ1860 ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ የፈጠረው ጠመንጃ በዊንቸስተር ኩባንያ እጅ በ1866 እና በ1873 እየተሻሻለ ሄደ። ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ የነደፈው የ1894ቱ ሞዴል ደግሞ እስከ ዛሬ የአሜሪካ አጋዘን አዳኝ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። (በዚህ ገጽ ከአዋጅ ቁጥርና «ዓ.ም.» ከተባለው በቀር ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ ጠመንጃ ዋና ጥይት 30-30 ዊንቸስተር በ1895 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ጭስ አልባ ባሩድ ይዘው ለአደን ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ጥይቶች አንዱ ነው።

ጥይት ለሚሞላ ሰው ሁለት ነገሮች ወሳኝ ናቸው። አንደኛ፣ በአብዛኞቹ ባለማንሻ ጠመንጃዎች ጥይቶቹ የሚቀመጡት ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ፣ የአንዱ አፍንጫ በሌላው ጀርባ ላይ አርፎ ነው። ሁለተኛ፣ በብዙዎቹ፣ የ1894ቱንና ማርሊን 336ን ጨምሮ፣ መዝጊያው የሚቆለፈው ከፊት በቀለሃው ጀርባ አጠገብ ሳይሆን ራቅ ብሎ ከኋላ ስለሆነ፣ ሲተኮስ ብረቱ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ቀለሃውም አብሮ ይለጠጣል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ማስጠንቀቂያ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመነጭ ነው።

ሹል አረር በሩቅ የተሻለ እንደሚሄድ እየታወቀ ለምን አይደረግበትም?

በቱቦው ውስጥ የኋለኛው ጥይት አፍንጫ የፊተኛውን ካፕሱል ይነካል። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ይረግጣል፤ በቱቦው ያሉት ጥይቶችም ባሉበት ለመቅረት ሲታገሉ እርስ በርስ ይጋጫሉ። አፍንጫው ሹልና ጠንካራ ከሆነ እንደ መርፌ ካፕሱሉን ሊመታውና በቱቦው ውስጥ ያለውን ጥይት ሊያፈነዳው ይችላል። ቱቦው የሚገኘው የተኳሹ ግራ እጅ ከያዘው እንጨት ውስጥ ስለሆነ ጉዳቱ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በቱቦ ለሚጎርስ ጠመንጃ የሚመረጠው አፍንጫው ሰፋ ብሎ ጠፍጣፋ የሆነ አረር ነው። ክብ አፍንጫ ያላቸው አረሮችም አሉ፤ ነገር ግን የአረሩ አምራች ለቱቦ ጠመንጃ እንደሚሆን በግልጽ ያልጻፈበትን አለመጠቀም ይሻላል።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሆርናዲ የተባለው አምራች ጫፉ ከለስላሳ ጎማ መሰል ነገር የተሠራ ሹል አረር አውጥቷል። ጫፉ ሲገፋ ስለሚተጣጠፍ ካፕሱሉን አይወጋም፤ ሹል በመሆኑም ፍጥነቱን ከጠፍጣፋው የበለጠ ይዞ ይቆያል። ይህ አረር ለቱቦ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ይፈቀዳል። ከላይ ሲታይ የሚመስለው፣ ነገር ግን ጠንካራ የፕላስቲክ ጫፍ ያለው የሌላ ጠመንጃ አረር ግን ክልክል ነው። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ስለሚያስቸግር ከሣጥናቸው አውጥቶ በአንድ ሳህን ላይ መደባለቅ አይገባም። ለስላሳ ጫፍ ያለው አረር ረዘም ስለሚል በአንዳንድ ካሊበሮች (የጥይት ልኮች) ቀለሃውን ከተለመደው ማሳጠርን ይጠይቃል፤ መመሪያው ይህን ይነግራል።

ቱቦ የሌላቸው ባለማንሻ ጠመንጃዎችም አሉ። ሳቬጅ 99 ጥይቱን የሚይዘው በሚሽከረከር ማኅደር ነው፤ የ1895ቱ ዊንቸስተርና ብራውኒንግ ቢ.ኤል.አር. ደግሞ እንደ ሌላው ጠመንጃ የሣጥን ካርታ አላቸው፤ በእነዚህ ሹል አረር አደጋ የለውም። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲመጣ የያዘው የ1895ቱ ዊንቸስተር፣ ካሊበሩ 405 የሆነው፣ ባለሣጥኑ ነበር።

ለ30-30 የትኛው የአረር ክብደት ይሻላል?

የተለመዱት ሁለት ናቸው፤ 150 ግሬን፣ ማለትም 9.7 ግራም፣ እና 170 ግሬን፣ ማለትም 11 ግራም። የፋብሪካ ጥይት በረጅም የመሞከሪያ በርሜል የመጀመሪያው በሰከንድ ወደ 730 ሜትር፣ ሁለተኛው ወደ 670 ሜትር ይሄዳል፤ አዳኞች በሚይዙት አጠር ያለ በርሜል ግን ከዚህ ይቀንሳል። ለመካከለኛ አጋዘን ሁለቱም ይበቃሉ፤ ደንዳና ትከሻ ላለው እንስሳ ግን ክብደት ያለው ጠልቆ ስለሚገባ እኔ 170ውን እመርጣለሁ።

ከክብደቱ በላይ ግን የአረሩ አሠራር ያሳስበኛል። የ30-30 አረር ውፍረት 7.82 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ308 ዊንቸስተርና ከሌሎች እጅግ ፈጣን ጥይቶች ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ለእነዚያ የተሠራ አረር በቀለሃው አፍ ይገባል። ነገር ግን ለከፍተኛ ፍጥነት የተሠራ አረር ልባሱ ወፍራም ስለሆነ በ30-30 ፍጥነት ሥጋ ሲመታ ላይሰፋ ይችላል፤ ሳይሰፋ እንደ ቀጭን ዘንግ ሲያልፍ እንስሳው ቆስሎ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ልኩ መግጠሙ ለሥራው ተስማሚ ነው ማለት አይደለም።

ስንት ግሬን ባሩድ ላድርግ?

ይህን ቁጥር እዚህ አልጽፍም፤ ከሌላ ሰው አፍ ወይም ከስልክ መልእክት ተቀብሎ መጠቀምም አይገባም። የባሩድ መጠን የሚወሰነው በባሩዱ ዓይነት፣ በአረሩ ክብደትና ቅርጽ፣ በካፕሱሉና በቀለሃው ምርት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲቀየር የታወቀው ቁጥር ዋጋ ያጣል። ቁጥሩ የሚገኘው ባሩድና አረር የሚያመርቱ ኩባንያዎች በላቦራቶሪ ግፊቱን ለክተው ካሳተሙት ወቅታዊ መመሪያ ነው፤ ሁለት መመሪያዎችን ማነጻጸር ደግሞ የተሻለ ነው።

አካሄዱ ግን አንድ ነው። መመሪያው የመነሻና የመጨረሻ መጠን ይሰጣል፤ መነሻ ካልሰጠ ከመጨረሻው 10 በመቶ ዝቅ ብሎ መጀመር የተለመደ ነው። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ከፍ እያሉ፣ በየደረጃው ጥቂት ጥይቶችን ብቻ ሞልተው፣ እያንዳንዱን በፍጥነት መለኪያ ፊት እየተኮሱ ውጤቱን ይጽፋሉ። ፍጥነቱ መመሪያው ለመጨረሻው መጠን የጻፈውን ያህል ከደረሰ፣ ባሩዱ ገና ዝቅተኛ ቢሆንም እዚያው ይቆማሉ፤ ያለ ግፊት የሚገኝ ፍጥነት የለምና። «ዝቅ ማለት ሁልጊዜ ደህና ነው» የሚለውም እምነት ስሕተት ነው፤ በተለይ 44 ማግነም ለተባለው ጥይት የሚውሉ አንዳንድ ቀስ ብለው የሚነዱ ባሩዶች ከተጻፈላቸው በታች መቀነስ የለባቸውም።

ሚዛኑ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ በግራም የተማርን ሰዎች ነን፤ የባሩድ መመሪያ ግን በግሬን ይጻፋል። አንድ ግራም 15.43 ግሬን ነው። ዘመናዊው የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ሁለቱንም ስለሚያሳይና በአንድ ቁልፍ ስለሚቀያየር፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሚዛኑ በየትኛው እንደቆመ ማየትና ከሚዛኑ ጋር በሚመጣው መፈተሻ ክብደት ማረጋገጥ በየዕለቱ የማይታለፍ ሥርዓት ይሁን።

ካፕሱሉ ካልተደፈጠጠ ግፊቱ ደህና ነው ማለት ይቻላል?

በባለማንሻ ጠመንጃ አይቻልም፤ ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ አጥብቄ መመለስ እፈልጋለሁ። ብዙ ሰዎች ከተኮሱ በኋላ ካፕሱሉን ያያሉ፤ ጠርዙ ክብነቱን እንደያዘ ከሆነ «ገና ቦታ አለ» ብለው ባሩድ ይጨምራሉ። የካፕሱል መደፍጠጥና የቀለሃ መጣበቅ ግን በአብዛኛው የሚታዩት ጠንካራ ዘመናዊ ጠመንጃዎች በሚሸከሙት ግፊት አካባቢ ነው። የ30-30 የተፈቀደ ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 42,000 ፓውንድ ወይም ወደ 2,900 ባር ሲሆን፣ የ308 ዊንቸስተር ግን 62,000 ፓውንድ ወይም ወደ 4,270 ባር ነው። ስለዚህ በ30-30 ቀለሃ ላይ ምልክቱ ሲታይ ጠመንጃው ሊሸከም ከተሠራለት ወሰን እጅግ ርቆ አልፏል ማለት ነው። ምልክት መታየቱ ማቆምን ያስገድዳል፤ አለመታየቱ ግን ለመጨመር ፈቃድ አይሰጥም።

የ45-70 ነገር ከዚህም ይከፋል። ይህ ጥይት በ1873 ለጥቁር ባሩድ ጠመንጃ የተፈጠረ ሲሆን፣ የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 28,000 ፓውንድ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በብርቱ ጠመንጃዎችም ስለሚተኮስ የመመሪያ መጻሕፍት በሦስት ደረጃ ከፍለው ይጽፉታል፦ ለአሮጌዎቹ፣ ለዘመናዊ ባለማንሻዎች፣ ከሁሉም ለጠነከሩት፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ለሚጎርሱ ጠመንጃዎች። ከተሳሳተ ገጽ የተወሰደ ቁጥር ጠመንጃውን ሊበታትን ይችላል። በዚያ ላይ የዚህ ጥይት ቀለሃ ሰፊ ስለሆነ ጥቂት ፈጣን ባሩድ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢገባበት አይሞላም፤ አይፈስምም፤ በዓይን ካልታየ አይታወቅም። አረር ከመግባቱ በፊት ቀለሃዎቹን በሰሌዳ ደርድሮ በባትሪ መብራት አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው።

ቀለሃውን አረሩ ላይ ማጥበቅ ለምን ያስፈልጋል?

በቱቦው ውስጥ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ጥይቶቹን ሁልጊዜ ይገፋቸዋል፤ የጠመንጃው ርግጫም ይጨመርበታል። አረሩ በደንብ ካልተያዘ ወደ ቀለሃው ውስጥ ይሰምጣል። ያን ጊዜ የባሩዱ ቦታ ይጠባል፤ ግፊቱም ይጨምራል፤ ጥይቱም ስላጠረ አጎራረሱ ይሰናከላል። ስለዚህ የአረሩ ወገብ ላይ ያለው የተጠረበ ቀለበት ከቀለሃው አፍ ጋር እስኪገናኝ ድረስ አረሩ ይገባል፤ ከዚያም የቀለሃው ከንፈር ወደ ቀለበቱ ታጥፎ ይያዛል።

ይህ በሁሉም ላይ እኩል እንዲሆን ቀለሃዎቹ ሁሉ አንድ ርዝመት ሊኖራቸው ይገባል፤ የ30-30 ቀለሃ ከፍተኛ ርዝመት 51.8 ሚሊ ሜትር፣ የሙሉ ጥይቱ ደግሞ 64.8 ሚሊ ሜትር ነው። የ30-30 አንገት ቀጭን ስለሆነ ከመጠን በላይ ሲጠበቅ ትከሻው ይታጠፋል፤ የታጠፈ ቀለሃ ደግሞ አይጎርስም። አረር ማግባትንና ማጥበቅን በሁለት የተለያየ እርምጃ መሥራት ጊዜ ቢወስድም ከዚህ ያድናል። ካፕሱሉም ከቀለሃው ጀርባ ከፍ ብሎ መቅረት የለበትም፤ ጣት ሲያልፍበት ትንሽ ገባ ያለ መሆን አለበት።

ከላይ እንደተባለው ቀለሃው ይለጠጣል። ከጀርባው ከፍ ብሎ የሚያበራ ቀጭን ቀለበት የታየበት ቀለሃ ውስጡ ሳስቷልና ይጣል። ሲጣልም አፉ በፒንሳ ይጨፍለቅ፤ በስሕተት ተመልሶ እንዳይገባ።

በመንደራችን የተገኘ አሮጌ ቀለሃ ወይም ጥይት ለዚህ ይሆናል?

አይሆንም። እኛ ዘንድ የሚገኘው ቀለሃ በአብዛኛው የጦር ሠራዊት ነው፤ ብዙውም የብረት ነው፤ ካፕሱሉም በርዳን የሚባለው ዓይነት ነው። የበርዳን ቀለሃ በካፕሱሉ ሥር ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ስላሉት በተለመደው የመሙያ መሣሪያ ካፕሱሉ አይወጣም። በአሜሪካ የሚሸጠው ግን ቦክሰር የሚባለው፣ በመሐል አንድ ቀዳዳ ያለው ነው። (ይህ ቦክሰር የተባለው የእንግሊዝ መኮንን ካፕሱሉን የሠራው ለስናድር ጥይት ነበር፤ ስናድርም ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የተተኮሰው በአገራችን፣ በመቅደላው ዘመቻ፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አሮጌ በተባለው ስፍራ ነው። ዛሬ አሜሪካ ያለ አጋዘን አዳኝ የሚጠቀምበት ካፕሱል ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል።)

ያልተተኮሰ አሮጌ ጥይት ደግሞ ፈትቶ ባሩዱን ለመውሰድ መሞከር የሞት መንገድ ነው። የባሩዱ ዓይነት አይታወቅም፤ ዕድሜውም አብላልቶት ሊሆን ይችላል። አረሩም መንገድ አመልካች ወይም ተቀጣጣይ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ሳይነኩ ለአካባቢው ፖሊስ ማስታወቅ ነው፤ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ከሆነማ ለነገ የሚባል አይደለም።

ከፍታና ሙቀት በጥይቱ ላይ ምን ያደርጋሉ?

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ መለያየት አለባቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በሳሳ አየር ውስጥ አረር ፍጥነቱን ቀስ ብሎ ስለሚያጣ ከቆላው ይልቅ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታል። በመቶ ሜትር ልዩነቱ የሚታይ አይደለም፤ ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለው አረር ግን አየር ስለሚከብደው ርቀቱ ሲጨምር ልዩነቱ ይታያል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ተራሮች ላይ የሚያድን ወገናችን የሚያጋጥመውም ይኸው ነው።

ከፍታ በቀለሃው ውስጥ ያለውን ግፊት አይነካም ማለት ይቻላል፤ ሙቀት ግን ይነካል። ባሩድ ሲሞቅ ፈጥኖ ይነዳል። በቀዝቃዛ ጠዋት እስከ መጨረሻው መጠን ተሞክሮ ደህና የሆነ ጥይት፣ ፀሐይ በመታው መኪና ዳሽቦርድ ላይ ውሎ ሲተኮስ ከወሰን ሊያልፍ ይችላል። የኛን አገር አየር ለሚያውቅ ሰው ይህ ግልጽ ነው፤ በእንጦጦ ጠዋት የሚበርድ ብረት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አዋሽ ሲደርስ አይነካም። ስለዚህ ለሞቃት ቦታ የሚዘጋጅ ጥይት ከመጨረሻው መጠን ዝቅ ተደርጎ ይሞላል፤ በተቻለ መጠንም በሚታደንበት አየር ይሞከራል፤ በጥላ ሥርም ይያዛል።

ምን ያህል ትክክለኛነት ይበቃል? እስከ ስንት ሜትርስ መተኮስ ይገባል?

በመቶ ሜትር ላይ ሦስት ጥይቶች በ5 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ካረፉ ለአደን ከበቂ በላይ ነው። ሲሞከር ጠመንጃው የሚያርፍበት የአሸዋ ከረጢት ከፊተኛው እንጨት ሥር እንጂ ከበርሜሉ ሥር መሆን የለበትም፤ ቀጭኑ በርሜል ከቱቦው ጋር የታሰረ ስለሆነ ሲነካና ሲሞቅ መምቻውን ይቀይራል። ሦስት ተኩሶ ማቀዝቀዝ ነው። ለአዳኝ የሚጠቅመው ከቀዝቃዛ በርሜል የሚወጣው የመጀመሪያው ጥይት የት እንደሚያርፍ ማወቅ ነው፤ በአደን ላይ የሚተኮሰው እሱ ነውና።

በመቶ ሜትር የተስተካከለ 30-30 በጠፍጣፋ አረር 200 ሜትር ላይ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ጉልበቱም ይደክማል። በኔ ግምት ጥሩ ተኳሽ ከ150 ሜትር በላይ ባይሞክር መልካም ነው። ጥይት መሙላት የተማረ ሰው ይህን ርቀት በባሩድ ብዛት ለማራዘም መፈለጉ የተለመደ ፈተና ነው፤ መልሱ ግን ጠጋ ብሎ መተኮስን መማር ነው። አረሩ ዒላማውን ቢስት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ስለሚችልም ከኋላው አፈር የሌለበት ቦታ ላይ አይተኮስም። የሱሉልታ ሜዳ ባዶ ቢመስልም ከየጉብታው ጀርባ እረኛ አለበት፤ መለማመጃ ቦታ አይደለም።

በአገራችን ለየትኛው እንስሳ ይሆናል?

በኢትዮጵያ የሚታደነው በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕግ መሠረት፣ በፈቃድና በተከለለ የአደን ቀበሌ ነው፤ ያለዚህ ማደን ወንጀል ነው። ስለ ጥይቱ አቅም ብቻ ለጠየቀ፣ 30-30 ጥቅጥቅ ባለ ጫካ በቅርብ ለሚገኙት ለድኩላና ለከርከሮ ይመጥናል። በባሌና በአርሲ ተራሮች ከገደል ወደ ገደል ለሚተኮስበት ለደጋ አጋዘን ግን አይመጥንም፤ ርቀቱም የእንስሳው ግዝፈትም ከአቅሙ በላይ ነው። ይህ እንስሳ በዓለም ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኝ ስለሆነ አቁስሎ ማጣቱ እጥፍ ድርብ ጥፋት ነው፤ እንግዳ አዳኝ የሚመሩ ሰዎች ባለማንሻ ይዞ ለመጣ ሰው ይህን ከጉዞ በፊት በትሕትና ቢነግሩት ይገባል።

ሌሊት ወደ ሰፈራችን የሚመጣውን ጅብ በዚህ መተኮስስ?

አይፈቀድም፤ በቤቶች መካከል መተኮስ ከጅቡ ይልቅ ለጎረቤት ያሰጋል። የሚያስቸግር አውሬ ሲኖር ለቀበሌውና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማመልከት ነው።

የተሞላው ጥይትና ባሩዱ እንዴት ይቀመጣሉ?

ባሩድ ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ አይገለበጥም፤ ካፕሱልም ከሣጥኑ ወጥቶ በጠርሙስ አይጠራቀምም፤ እርስ በርስ ተጋጭተው በአንድነት ሊፈነዱ ይችላሉና። በሥራ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ የሚኖረው የባሩድ ዓይነት አንድ ብቻ ይሁን። ሲጋራ፣ ከሰልና የዕጣን ማጨሻ በዚያ ክፍል አይግቡ። እርሳስ የነካ እጅም ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠባል።

እያንዳንዱ የጥይት ሣጥን የባሩዱ ዓይነትና መጠን፣ የአረሩ ክብደትና ስም፣ የካፕሱሉ ዓይነት፣ የተሞላበት ቀንና የተሞላለት ጠመንጃ ተጽፎበት ይቆለፋል። ወረቀቱ የተነቀለበት ሣጥን ቢገኝ፣ ውስጡ ያለውን ባለቤቱ አስታውሳለሁ ቢልም፣ አይተኮስም፤ በመፍቻ መሣሪያ ተፈትቶ ባሩዱ ይወገዳል፤ አረሩና ቀለሃው ብቻ ይመለሳሉ።